በታንከር መርከብ ላይ የፓምፕ ኦይልሲል ማፍሰሱን እንዴት እንደምናውቅ

በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ውስጥ የሚረጋ ዘይት ከጀሪካን አይወርድም። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ያው ዘይት ይፈሳል። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ባሕር ላይ ግን ረሳሁት። ከሰፈራችን ለመርከብ ሥራ የሚዘጋጁ ልጆች ስላሉ የተማርኩትን ልጻፍላቸው።

መጀመሪያ አሠራሩ። በብዙ ታንከሮች ላይ ፓምፑ የሚቀመጠው ታንኩ ወለል ላይ፣ ጭነቱ ውስጥ ነው። ሞተሩን የሚያሽከረክረው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ዘይቱና ጭነቱ እንዳይገናኙ በመሃላቸው ኮፈርዳም የሚባል ባዶ ክፍተት አለ። የላይኛው ኦይልሲል (ፈሳሽ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ ማሸጊያ) የሃይድሮሊኩን ዘይት ይይዛል፣ የታችኛው ጭነቱን። የትኛውም ቢያፈስ ፍሳሹ ክፍተቱ ውስጥ ይጠራቀማል። እኛ በጋዝ፣ ማለትም በናይትሮጅን ወይም በዴክ አየር (በቧንቧ በሚመጣ የታመቀ አየር) ገፍተን ዴክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ ወዳለችው «ትራፕ» ወደምንላት ማጠራቀሚያ እናወጣዋለን።

ይህ ከማራገፍ በፊትም በኋላም የግድ ይሠራል። በጉዞ ላይ በስንት ቀን እንደሚደገም የፓምፑ ማኑዋል ይነግራችኋል።

ጓንት፣ መነጽርና ጭነቱ የሚጠይቀውን ጭንብል አድርጉ። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ የሚወጣው ጋዝ የጭነቱን ትነት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ናይትሮጅን ደግሞ ሽታ የለውም፣ ግን አየር ያሳጣል። ጭነቱ የሚቀጣጠል ከሆነ እኔ የዴክ አየር ፈጽሞ አልጠቀምም።

ትራፗ ባዶ መሆኗን፣ የጋዝ መውጫዋም መከፈቱን አረጋግጡ። የጋዙን ጎማ አገናኙና ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጋዙ በመውጫው ሲወጣ መስማት አለባችሁ። ሳትሰሙ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

አንድ ጊዜ ፓልም፣ ያንኑ የሚረጋ ዘይት፣ ጭነን ነበር። ጋዙን ከፈትኩ፣ ጠበቅኩ፣ ትራፗን ከፈትኩ። ጠብታ የለም። «ዜሮ» ብዬ መዘገብኩ። በማግስቱም ዜሮ፣ በሦስተኛውም ቀን ዜሮ። ኦይልሲሉ ጤነኛ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ተራው የደረሰው ባልደረባዬ መውጫው ጋ ጆሮውን አስጠግቶ ቢያዳምጥ ምንም የለም። የታችኛው ኦይልሲል ሲያፈስ ቆይቷል። የገባው ፓልም በዴኩ ብርድ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ መንገዱን ዘግቶታል። ልክ እንደ እናቴ ጀሪካን! ቧንቧውን በሙቅ ውሃ እያሞቅን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጀብን። ሲከፈት ሦስት ሊትር ግድም ወጣ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ዜሮ እያልኩ የጻፍኩት ያንን ነው።

ጋዝ ካልወጣ ግፊት ጨምሮ ማስከፈት ያምራችኋል። ተዉት። ከማኑዋሉ ልክ ያለፈ ግፊት ደህናውን ኦይልሲል ሊያበላሽ ይችላል። ፓምፑንም አታስነሱ፤ ለቺፍ ኢንጂነሩ ንገሩ። ፓልም ከ30ዎቹ አጋማሽ ዲግሪ በታች ሲወርድ መርጋት ስለሚጀምር፣ የሚረጋ ጭነት ስትይዙ ጭነቱ ትኩስ እያለ ሥሩት።

ጋዙ በደንብ ከወጣ በኋላ ዝጉት፣ ግፊቱ ይውረድ፣ ከዚያ ትራፗን አፍስሱና ለኩ። መስመር ያለው የመስታወት መለኪያ ተጠቀሙ። የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው የሚዞሩ አይቻለሁ፤ አልወደውም፣ ግምት ነው የሚሰጣችሁ። ከዚያ ደግማችሁ ጋዝ ልቀቁበት፤ በመጀመሪያው ያልወጣ ሊኖር ይችላል።

ፍሳሹን ለመለየት ትንሽ አስቀምጡት፣ ይጥለል። ንጹሕ የሃይድሮሊክ ዘይት በብልቃጥ ይዛችሁ ቀለሙን አስተያዩ። ብቻውን የሃይድሮሊክ ዘይት ከወጣ የላይኛውን ጠርጥሩ፣ ጭነት ከወጣ የታችኛውን። ታንክ ታጥቦ ከሆነ ውሃም ይመጣል።

ጥቂት ፍሳሽ የተለመደ ነው፤ ልኩን ማኑዋሉ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ካለፈው ጊዜ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ስትመዘግቡ መጠኑን፣ ዓይነቱንና ካለፈው ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ለ«ጋዝ ወጥቷል» ደግሞ የራሱ ዓምድ ይኑረው። መዝገቡ ላይ ከሌለ በእስክሪብቶ አስምሩለት። እኔ ከዚያ ጉዞ ወዲህ እንደዚያ ነው የማደርገው።