በየጊዜው ለሚሰፋ መንደር የመንገድ መረብ እንዴት ይነደፋል?

መንገዱ ከሽንሸናው ይቅደም። የቤት ቦታ ተቆርሶ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ መንገድ ማስፋት ማለት አጥር ማፍረስና ካሳ መክፈል ነው።

በ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት የተሰራ የኮንቱር ካርታ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በመስመር የሚያገናኝ ካርታ) ይያዙና በቅድሚያ ውሃ የሚወርድባቸውን መስመሮች ያቅልሙ። መንገድ ወራጅ ውሃ ባቋረጠ ቁጥር ድልድይ ወይም ካልቨርት (ውሃን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ) ስለሚጠይቅ መሻገሪያዎቹን ያሳንሱ። የመንገዱ ተዳፋት በርዝመቱ ከ0.5 በመቶ ካነሰ ውሃ ይተኛበታል፤ አስፋልቱም ቶሎ ይቦረቦራል።

ከዚያ መንገዶቹን ዋና፣ ሰብሳቢ (ከውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚመጣውን ተሽከርካሪ ወደ ዋናው የሚያደርስ) እና የውስጥ ለውስጥ ብለው ይለዩ። በዋናው መንገድ ላይ የግቢ በር ፈጽሞ አይከፈት።

ብዙ ንድፍ የሚበላሸው የመንገድ ወሰን፣ ማለትም ለመንገዱ የሚከለለው ጠቅላላ ስፋት ላይ ነው። ለአንድ ሰብሳቢ መንገድ ዛሬ የሚያስፈልገው ሲደመር፦ ባለ 3.3 ሜትር ሁለት መስመር 6.6፣ ግራና ቀኝ ባለ 2 ሜትር የእግረኛ መንገድ 4፣ ለዛፍ፣ ለመብራት ምሰሶና ለቱቦ በየጎኑ 1.5 ሲያዝ 3፣ ለቦይ በየጎኑ 0.7 ሲያዝ 1.4፤ በጠቅላላው 15 ሜትር። እዚህ ላይ ማቆም ስህተት ነው። ቤቱ ሲበዛ መጋጠሚያው ላይ የመታጠፊያ መስመር ያስፈልጋል፣ እሱም 3 ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ 18 ሜትር ይከለል። ትርፉ እስኪፈለግ ድረስ ሣር ይሁን፤ ሰፊ አስፋልት ሹፌሩን በፍጥነት እንዲነዳ ይጋብዘዋል።

ሰብሳቢ መንገዶቹን እስከ መንደሩ ጠርዝ ያድርሷቸው። ጫፉ ላይ ቤት ከተሰራ መንደሩ ቀጥሎ የሚሰፋበት ክፍል በአንድ መግቢያ ብቻ ይቀራል፤ ያ መግቢያ በአደጋ የተዘጋ ቀን አምቡላንስም የእሳት አደጋ መኪናም አይገባም። ጫፉ ላይ «ወደፊት የሚቀጥል መንገድ» የሚል ሰሌዳ ይተከል። ሰሌዳ ከሌለ አጠገቡ ቤት የገዛ ሰው ክፍት ቦታውን መናፈሻ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ መንገዱ ሊቀጥል ሲል ደግሞ ይቃወማል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው።

መጋጠሚያዎች ወደ 90 ዲግሪ ይጠጉ። ከ70 ካነሱ ሹፌሩ ከጎን የሚመጣውን ለማየት አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ መመልከት ይኖርበታል። የመኪኖች ጉዞ የሚጋጭባቸው ነጥቦች ባለ አራት አቅጣጫ መስቀለኛ መንገድ ላይ 32፣ በቲ ቅርጽ መጋጠሚያ 9፣ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ናቸው። ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ቲ ይመረጣል።

አስፋልት ከመልበሱ በፊት በየመጋጠሚያው ሥር ሁለት ሦስት ባዶ ቱቦ ይቀበር፤ ኋላ ለሚመጣ ኬብል መንገዱ አይቆፈርም። ለግንባታ ከባድ መኪናዎችም ሰው የገባበትን ሰፈር የማያቋርጥ የራሳቸው መግቢያ ይከፈትላቸው።