የኪኒኑ ቁጥር አይሸውዳችሁ

እትዬ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ሳምንታቸው ነው። በምርኩዝ እየተደገፉ ፋርማሲ መጡና ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንዱ ከእኛው የወሰዱት ብርቱካናማ ዕቃ ነው፤ ኦክሲኮዶን የሚባል የህመም ማስታገሻ፣ 5 ሚሊግራም። ሌላው ዘመድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣላቸው ትራማዶል ነው፤ እሱም ማስታገሻ፣ 50 ሚሊግራም።

«ልጄ፣ እናንተ የአሜሪካ ሰዎች ስትሰስቱ አይጣል ነው። የአገር ቤቱ 50፣ የእናንተ 5። እኔማ ሦስት ሦስት እያደረግኩ ነው የምውጠው፤ በቀን አራቴ።»

ወንበር አቀረብኩላቸው። ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በፋርማሲስትነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ በደረሰኝ ጀርባ እንደጻፍኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ዛሬ እዚህ ልጻፈው።

ኦፒዮይድ የሚባሉት ማስታገሻዎች ሁሉ የሚመዘኑት በሞርፊን ነው። ሞርፊንን የመርካቶ ነጋዴ ሚዛኑ ላይ እንደሚያስቀምጠው ድንጋይ አስቡት። እሱ 1 ነው። ሃይድሮኮዶንም 1 ነው። ኦክሲኮዶን 1.5፣ ዲላውዲድ ተብሎ የሚታወቀው ሃይድሮሞርፎን 5 ነው። ትራማዶል 0.2፣ ኮዴይን ደግሞ 0.15። የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 ያወጣው ሠንጠረዥ ላይ ያሉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሚሊግራም በዚህ ታበዛላችሁ፤ በቀን በምትወስዱት ኪኒን ብዛትም ታበዛላችሁ። በቃ።

የእትዬን እንሥራ። 5 የኦክሲኮዶን ሚሊግራም በ1.5 ሲባዛ 7.5 ነው። 50 የትራማዶል ሚሊግራም በ0.2 ሲባዛ 10 ነው። አያችሁ? «5» እና «50» ጎረቤታሞች ናቸው። እትዬ ግን ሦስት ሦስት በቀን አራቴ ውጠው 90 ደርሰዋል። ሠንጠረዡ ያለበት መመሪያ በቀን ከ50 ጀምሮ ጥንቃቄው እንዲጨምር ይመክራል፤ ከዚያ በላይ አደጋው ይከብዳልና። ያውም ትራማዶሉን ገና አልጀመሩትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሒሳብ አደጋን ለመገመት ነው። አንዱን ኪኒን በሌላ ለመተካት አይሆንም። ሰውነት አንዱን ስለለመደ ሌላውን በዚያው ልክ አይችልም፤ ሐኪም እንኳ ሲቀይር ከሒሳቡ ቀንሶ ነው የሚጀምረው።

ሒሳቡ የሚያታልልባቸው መድኃኒቶችም አሉ። ፈንታኒል በማይክሮግራም ነው የሚለካው። 25 የሚል የሚለጠፍ ፓች «ትንሽ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ያ ፓች በቀን ወደ 60 ሚሊግራም ሞርፊን ይጠጋል። ኦፒዮይድ ያልለመደ ሰው ጨርሶ አይለጥፈውም። የለመደም ቢሆን ፓቹ ላይ የሞቀ ውሃ ላስቲክ አያስቀምጥም፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን በአንዴ ወደ ሰውነት ይለቀዋል። እናቶቻችን ደግሞ ሙቀት ይወዳሉ። ሜታዶን የሚባለው ኦፒዮይድም ተንኮለኛ ነው። ህመሙን የሚያስታግሰው ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ግን ለቀናት። «አልሠራልኝም» ብሎ የሚደግም ሰው የትናንቱ ላይ የዛሬውን እየከመረ ነው።

ፐርኮሴት (ኦክሲኮዶን ያለበት) እና ኖርኮ (ሃይድሮኮዶን ያለበት) ውስጥ ደግሞ ታይሌኖል፣ ማለትም ፓራሲታሞል አለ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ኪኒን 325 ሚሊግራም። ለራስ ምታት ታይሌኖል፣ ለጉንፋን ሌላ ሽሮፕ ከጨመራችሁበት የቀኑን ጣሪያ 4,000 ሚሊግራም ሳታውቁት ታልፋላችሁ። ያ የጉበት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ኮዴይንና ትራማዶል «ቀላሎቹ» ይባላሉ። እኔ ለሐበሻ ደንበኛ ስሰጥ ይበልጥ የምጠነቀቀው ግን በእነሱ ነው። ምክንያቱ ጉበት ነው። ኮዴይን በራሱ ብዙ አይሠራም፤ ጉበት ውስጥ ሲ ዋይ ፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ትራማዶልንም ያው ኢንዛይም ነው ወደ ጠንካራው መልኩ የሚለውጠው። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ አለው፤ በፍጥነት ይቀይራል። በ1996 የታተመ ጥናት ላይ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከመቶ 1 ወይም 2 ነው። ስለዚህ ለጎረቤታችሁ «ምንም» የሆነች ኪኒን ለእናንተ ብዙ ልትሆን ትችላለች። ለልጅማ ጨርሶ አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሁለቱም ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ አግዷል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል።

ትራማዶል ሌላም ጠባይ አለው። መጠኑ ሲበዛ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ላይም ጭምር። እንደ ዞሎፍት ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም አደጋ አለው። ዱባይ ወይም ሪያድ ላለ ዘመድ «ለወገቡ» ብላችሁ በሻንጣ አትላኩ። እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ፈቃድ የያዘው ሰው ሊታሰር ይችላል።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ገዳይ ነገር ትንፋሽ ማዘግየታቸው ነው። አረቄ፣ ዊስኪ ወይም እንደ ዛናክስና ቫሊየም ያለ የጭንቀት መድኃኒት ሲደረብበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የሆድ ድርቀቱም የሁሉም ነው። ማሳከኩና ማቅለሽለሹ ሲለመድ ይቀንሳል፣ ድርቀቱ ግን አይለመድም። ከመጀመሪያው ቀን ሴና የሚባለውን የድርቀት መድኃኒት ጠይቁ። ተልባ ብቻውን አይችለውም።

ስለ ማቋረጥ የማወራው ከራሴ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ወገቤን ዲስክ ኦፕራሲዮን ሆኜ አምስት ሳምንት ሃይድሮኮዶን ወሰድኩ፤ 10 ሚሊግራም በቀን አራቴ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲያሰናብተኝ እንዴት እንደሚቆም የነገረኝ የለም። እኔም ባለሙያ ነኝና አልጠየቅኩም። አንድ ዓርብ ማታ «ደህና ሆኛለሁ» ብዬ ቆረጥኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ማዛጋት ጀመረኝ። አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ፈሰሰ፣ ዓይኔ አነባ። ማታ ሰውነቴ ውርር ይለኛል፣ ያልበኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። እግሬ አልጋ ላይ አርፎ አልተኛም አለ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያፈላሁ ጉንፋኔን አስታመምኩ! እሑድ ባለቤቴ «ያ ኪኒንህን መቼ ነው የተውከው?» አለችኝ። እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

ዊዝድሮዋል የሚባለው ይህ ነው። እንደ ሃይድሮኮዶንና ኦክሲኮዶን ያሉት ቶሎ የሚያልቁት መድኃኒቶች ላይ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሜታዶን ላይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይጎትታል። ትራማዶል ላይ የኦፒዮይዱ ስቃይ ላይ ጭንቀትና ግራ መጋባት ሊደረብ ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ጥቂት ሳምንት የወሰደ የማንም ሰውነት ይለምዳል። ሱስ ሌላ ነው፤ ጉዳቱን እያዩ መተው ሲያቅት ነው። ቤተሰብ ፊት «ሱስ ያዘው» ከመባል ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምለየው።

ታዲያ እንዴት ይቆማል? ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የወሰደ ሰው ዝም ብሎ ይተዋል። ሳምንታት የወሰደ ሐኪሙን ደውሎ «አወራረዱን ጻፍልኝ» ይበል። ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በየወሩ ከመቶ 10 ያህል እየቀነሱ መሄድ ነው የሚመከረው። ነፍሰ ጡር በድንገት አታቁም። መተው ያቃተው ሰው ደግሞ ስለ ቡፕረኖርፊን ይጠይቅ። ምኞቱንም ስቃዩንም ያስታግሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ወዲህ ልዩ ፈቃድ የሌለው የቤተሰብ ሐኪምም ሊያዝዘው ይችላል። ሌላው ኦፒዮይድ ከሰውነት ሳይወጣ ግን አይጀመርም፤ ያን ጊዜ ዊዝድሮዋሉን ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ተውት ካላችሁ በኋላ ህመሙ ቢመለስ በድሮው መጠን አትጀምሩ። ሰውነት ረስቶታል። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

ለእትዬ ናርካን አወጣሁላቸው። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ናሎክሶን ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ልጃቸውን በስልክ መስመር ላይ አስገባን። «እናትሽ ቢጠሩ ካልነቁ፣ ትንፋሻቸው ከዘገየ ወይም እንደ መታፈን ያለ ማንኮራፋት ከሰማሽ፣ ከንፈራቸው ወይም ጥፍራቸው ከጠቆረ አንዱን አፍንጫቸው ውስጥ ርጪ። 911 ደውዪ። በጎን አስተኚያቸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂና ካልነቁ ሁለተኛውን ርጪ። ቢነቁም አምቡላንሱን አትመልሺ፤ ናርካኑ በ30 እና በ90 ደቂቃ መካከል ያልቃል፣ ኪኒኑ ሊቆይ ይችላል።» ጻፈችው።

ሐኪማቸውን ደውለን ወደ ታዘዘው ወደ አንድ አንድ መለስናቸው። በመካከሉ ታይሌኖል ጨመረላቸው።

ትራማዶሉ ቀረ። በራችን አጠገብ አሮጌ መድኃኒት የሚጣልበት ሳጥን አለ። ሁለት እሽግ ነበር። አንዱን ጣሉት። ሁለተኛውን ቦርሳቸው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ አየኋቸው።

«እትዬ!»

«ለክፉ ቀን ነው እንጂ ልጄ» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። እያጉረመረሙ ሰጡኝ።