በፑል ጨዋታ የትከሻንና የክንድን አሰላለፍ የሚያዛቡ ስህተቶች

ቀላል የሚመስል ኳስ ሲሳት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለዓይን ይሰጣል። ሆኖም ተጫዋቹ በትክክል አነጣጥሮ ሳለ፣ ኳስ የሚመታበት ዘንግ፣ ማለትም ስቲኩ፣ በታሰበው መስመር ባለመጓዙ ብቻ ኳሱ ከቀዳዳው አፍ ተጋጭቶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለውን ስህተት በማነጣጠር ልምምድ ለማረም መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ መፈተሽ ያለበት የትከሻና የክንድ አሰላለፍ ነው።

የአብዛኞቹ ስህተቶች ምንጭ የምለው አስቀድሞ አጎንብሶ መስመሩን ከዚያ በኋላ መፈለግ ነው። በቀኝ እጁ የሚመታ ተጫዋች ቀጥ ብሎ እንደቆመ መስመሩን አይቶ፣ ቀኝ እግሩን በዚያው መስመር ላይ ካሳረፈ በኋላ ወገቡን ጥቂት አዙሮ ሲያጎነብስ ትከሻው ከስቲኩ በላይ ይውላል። ደረቱን ለጠረጴዛው ፊት ለፊት ሰጥቶ ካጎነበሰ ግን ዳሌው የስቲኩን መንገድ ስለሚዘጋ እጁ ዳሌውን ዞሮ ለማለፍ ይገደዳል፤ ስቲኩም ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከኋላ በስልክ የተቀረጸ ምስል ይህን ወዲያው ያጋልጣል፤ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓና ስቲክ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተደራርበው መታየት አለባቸውና። መስመሩ ተሰብሮ ከታየ ክርኑን ብቻ ማስተካከል አይበቃም፤ ቀና ብሎ እግርን እንደገና ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ክርንን ወደ ውጭ ማውጣት ወይም ወደ ጎድን ማጣበቅ ሌላው ስህተት ነው። አሜሪካዊው የፑል ተጫዋች ኪዝ ማክሬዲ ክንዱን ወደ ጎን አውጥቶ በመምታት ይታወቃል፤ ስለዚህ እንዲህ መምታት ፈጽሞ አያዋጣም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የክንዱን ዝንባሌ በእያንዳንዱ ምት በእኩል መጠን ማካካስ ስለሚጠይቅ፣ አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው አልመክረውም።

ስቲኩ የሚያዝበትን ቦታ መሳትም አለ። ቦታው ትክክል ከሆነ፣ የስቲኩ ጫፍ ነጩን ኳስ ሊነካ ሲቃረብ ከክርን በታች ያለው ክንድ ወደ ወለሉ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል።

ሳይታወቅ ብዙ ምት የሚያበላሸው ክርንን ከምቱ በፊት ማውረድ ነው። ክርን ሲወርድ የኋላው እጅ አብሮ ይወርዳል፤ ስቲኩ በፊተኛው እጅ ላይ ስለተደገፈ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል። ነጩን ኳስ ከታች መትቶ ወደ ኋላ ሊመልሰው ያሰበ ተጫዋች ኳሱ እዚያው ሲቆምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኳሱ ከተመታ በኋላ ክርኑ ቢወርድ ግን በምቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በመጨረሻው ቅጽበት ስቲኩን ጨብጦ ማጥበቅ ደግሞ የእጅ አንጓን ያጣምማል። የኳሱ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉ ከመሃል በ3 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ቢወጣ እንኳ ኳሱ ያልታሰበ ሽክርክሪት ይዞ፣ አነሳሱም ትንሽ ወደ ግራ ያደላል። ይህን ለመፈተሽ ነጩን ኳስ ብቻ በጠረጴዛው መሃል መስመር ላይ አኑሮ፣ በለስላሳ ምት ወደ ሩቁ ጠርዝ ሰድዶ፣ ስቲኩን ምቱ ባለቀበት ቦታ ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ ነው። ኳሱ ተመልሶ የስቲኩን ጫፍ ከነካ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ደጋግሞ ወደ አንድ ጎን ካደላ ግን የምቱን ኃይል ከመጨመር በፊት እግርንና ትከሻን ከመጀመሪያው ማስተካከል ይገባል።