«ጋጠ ወጥ» ሲፈታ የሚሠሩ ስህተቶች

የተማሪ ድርሰት ሳርም ነው የዋልኩት። ያው ስህተት ዛሬም አለ፦ «ጋጠወጥ ማለት ወጥ እየጋጠ የሚበላ፣ ሥርዓት የሌለው ሰው ነው።»

እባካችሁ ይሄን ተዉት። ወጥ መች ይጋጣል? የሚጋጠው አጥንት ነው። እስቲ «ሕገ ወጥ»ን ተመልከቱ። ከሕግ የወጣ ማለት ነው አይደል? ጋጠ ወጥም እንደዚያው ነው፤ ከጋጥ የወጣ። ጋጥ ከብት ታስሮ ሣርና ገለባ የሚቀርብለት ቦታ ነው። በቅሎ ገመዷን በጥሳ ከዚያ ስትወጣ አስቡ። የተሰጣውን እህል ትረግጣለች፣ የቀረባትን ትራገጣለች፣ ባለቤት ይሁን እንግዳ አትለይም። ቃሉ ሰው ላይ ሲያርፍ ይሄን ሁሉ ይዞ ነው የሚያርፈው። ታላቁን የሚያመናጭቅ፣ በሰው ቤት እንዳሻው የሚሆን ሰው ጋጠ ወጥ የሚባለው ገደቡን ስለጣሰ ነው እንጂ ስለ አበላሉ አይደለም።

«ጋጣ ወጥ» ብላችሁም አትጻፉ። ሕገ ወጥ እንጂ ሕግ ወጥ አንልም፤ እዚህም «ጋጠ» ነው።

«ስድ»ን ከ«ስድብ» ማውጣት ሌላው ነው። ይሄን እኔም ለዓመታት ተሳስቼ አስተምሬዋለሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ ስድ ንባብ ማንን ሰደበ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ስድብ የመጣው ከ«ሰደበ» ነው። ስድ ግን ከ«ሰደደ» ነው፤ የተለቀቀ፣ ያልታሰረ። ስድ ንባብም ቤት መምቻና ምጣኔ ያላሰረው ጽሑፍ ስለሆነ ነው እንዲያ የተባለው። ስድ ሰውም እንደ ጋጠ ወጡ ልቅ ነው፣ ያዥ የለውም።

«ባለጌ» ደግሞ እንደ ባለቤት «ባለ» ተብሎ አይከፈልም። ባለገ፣ ብልግና እያላችሁ አርቡት፤ «ገ» የሥሩ ፊደል ነው።

የመጨረሻው የአጠቃቀም ስህተት ነው፤ እሱ ያሳዝነኛል። እነዚህ ቃላት የሚነኩት ተሰዳቢውን ብቻ አይደለም። ስድ አደግ፣ አሳዳጊ የበደለው ስንል ጣታችን ወላጁ ላይ ነው። ጋጠ ወጥ ስንልም ማን ለቀቀው የሚል ጥያቄ ከኋላው አለ። ስለዚህ የአምስት ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ስለዘለለ ጋጠ ወጥ አይባልም። ቢበዛ ቀበጥ ነው።