የጽጌረዳ ጄሊ እምቢ ሲል፦ ከረሜላ ሆነ፣ አልረጋም፣ ሽታው ጠፋ

የጽጌረዳ ጄሊ ማለት አበባው በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው የአበባ ውሃ ከስኳር ጋር ፈልቶ እንደ ማርማላታ የሚረጋ ነገር ነው። መጀመሪያ አበባው። ከአበባ ሻጭ የተገዛ ጽጌረዳ አይሆንም፣ ለእቅፍ አበባ የሚመረት ስለሆነ ሲረጭበት የኖረው መድኃኒት ለሚበላ ነገር ታስቦ አይደለም፣ አጥቤዋለሁ ማለትም አያድንም። ከራስ ግቢ ወይ ምንም እንደማይረጩ ከምታውቁት ጎረቤት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይቀጠፍ። ማታ ማታ ሰፈሩን የሚያውደው ቁልቁል የተንጠለጠለው ጡሩንባ መሳይ ነጭ አበባ ደግሞ መርዝ ነው፣ ሸተተ ተብሎ አይበላም።

ደርቆ ከረሜላ ሆነ፣ ማንኪያ አይገባውም

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ነው ሰው የሚያበግነው። ሬሲፒዎቹ 104 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት ይላሉ፣ እኔም ቴርሞሜትሬን ይዤ ቆሜ ስጠብቅ ስጠብቅ ጄሊው ጠቁሮ ማማሰያዬን ይዞ ድስቱ ላይ ቀረ። ነገሩ ቁጥሩ የተጻፈው ባህር ዳርቻ ላለ ሰው መሆኑ ነው፣ እዛ ውሃ 100 ላይ ይፈላል፣ እኛ ጋ ግን ከፍታው 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ጄሊ የሚረጋው ውሃው ከሚፈላበት 4 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ነው፣ ስለዚህ እዚህ 96 ሲደርስ በቃ ማውጣት ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ መጀመሪያ ባዶ ውሃ አፍልታችሁ ለኩና 4 ደምሩበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንሽ ሰሃን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ጠብታ ጣል አድርጋችሁ ትንሽ ቆይታችሁ በጣት ስትገፉት ከተጨማደደ ደርሷል። ያረረው አይመለስም፣ ያላረረ ግን የጠነከረውን በፈላ ውሃ አሟሙታችሁ ሻይ ላይ ጨምሩት።

እንደ ሽሮፕ ይፈሳል፣ አልረጋም

አንድ ቀን ሙሉ ጠብቁት፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ነው የሚረጋው። ከዛም ካልሆነ ምክንያቱ አበባ ራሱ የሚያረጋ ነገር ስለሌለው ነው፣ ፔክቲንም (ፍሬ ውስጥ ያለው የሚያረጋ ነገር) አሲድም ከሌላ መምጣት አለበት። ፔክቲን ካጣችሁ ገና ያልበሰለ ዘይቱን (ጉዋቫ፣ ፍሬውን ነው) ከትፋችሁ ውሃ እስኪሸፍነው ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉና አጥልሉት፣ ያ ውሃ ፔክቲን ነው። እኔ አንድ ኩባያ የአበባ ውሃ ለአንድ ኩባያ የዘይቱን ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ኩባያ ተኩል ስኳር ነው የማደርገው። ስኳር መቀነስ ጤና ነው ብላችሁ አትቀንሱ፣ ያለሱ አይረጋም። ያልረጋውንም ከዘይቱን ውሃና ከሎሚ ጋር መልሶ ማፍላት ይቻላል። ጄላቲን ጨምሩበት የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሰራው፣ ጾም ላይ አይሆንም፣ ሙቀት ሲያገኘውም ይቀልጣል።

ጣፋጭ ነው ግን አበባ አበባ አይልም

አበባውን ቀቅላችሁታል፣ ሽታው በእንፋሎቱ ሄዷል። የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ወዲያው ክደኑት፣ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይደር። ደግሞ የዘይቱኑን ውሃ አስቀድማችሁ ብቻውን አፍሉት፣ በግማሽ ሲጎድል የአበባውን ጨምሩ፣ እንደዚህ አበባው እሳት ላይ የሚቆየው ትንሽ ነው።

መራራ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ የአበባ ቅጠል ሥር ያለችው ነጭ ጫፍ ናት፣ በመቀስ ቆርጦ መጣል ብቻ ነው፣ አሰልቺ ነው ግን ሌላ መንገድ የለውም።

የአበባው ውሃ ቀለም እጣቢ መሰለ

አትድፉት! እኔ አንዴ ደፍቼው እስካሁን ይቆጨኛል። ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ዓይናችሁ እያየ ሮዝ ይሆናል፣ ከቀይ ጽጌረዳ ከሆነ ደግሞ በጣም ያምራል። ነጭና ቢጫ ጽጌረዳ ግን ሮዝ አይሆንም።

ደፈረሰ፦ ስታጠሉ ጨርቁን ጨምቃችኋል፣ ዝም ብሎ ይንጠብጠብ። ላዩ ላይ ውሃ አወጣ፦ ሎሚው በዝቷል፣ ይበላል። እንደ አሸዋ ቆረቆረ፦ ስኳሩ በደንብ ሳይሟሟ ፈልቷል ወይ ድስቱ ጠርዝ ላይ የደረቀው ተመልሶ ገብቷል።

ሻገተ፦ ላዩን ጠርጌ ልብላው አይባልም፣ ብልቃጡ እንዳለ ይጣላል። በቀጣዩ ብልቃጡን አስቀድማችሁ ቀቅሉ፣ ጄሊውን ትኩሱን ሞልታችሁ ከከደናችሁ በኋላ በዚህ ከፍታ 15 ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ይሄን ካልቻላችሁ ፍሪጅ አስቀምጡና ቶሎ ጨርሱት።