የሕፃኑ ትከሻ ሲቀረቀር ምን ይደረጋል?

ጣና ሐይቅ ላይ ካለችው ደቅ ደሴት ባሕር ዳር ለመድረስ በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ምጥ ደግሞ ጀልባ አይጠብቅም። ስለዚህ ዝግጅቱ ቀድሞ ይጀምር። ስኳር ያለባት፣ ሕፃኗ ትልቅ ነው የተባለች ወይም ከዚህ በፊት ትከሻ ተይዞባት የወለደች እናት ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያ ያለው የእናቶች ማቆያ ትግባ፤ ካልሆነም ከተማ ዘመድ ቤት ትረፍ። "ልጁ ትንሽ ነው" ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ትከሻቸው ከሚያዝ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከ4 ኪሎ በታች ናቸው።

ምልክቱ ይኸው፦ ጭንቅላቱ ይወጣና እንደ ኤሊ ወደ ውስጥ ሸሸት ይላል። በሚቀጥለው ምጥ ትከሻው ካልተከተለ፣ ከእናቲቱ የፊት ዳሌ አጥንት ጀርባ ተቀርቅሯል። አዋላጇን ጥሩ፣ ሰዓት ያዙ። ያላችሁ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

"ማርያም ማርያም" በሉ፣ ደግ ነው። "ግፊ! ግፊ!" ግን ይቁም። ጭንቅላቱን አትጎትቱ፣ አንገቱን አታዙሩ፤ የክንዱ ነርቭ ይጎዳል። እትብቱንም አትቁረጡ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ሆድ መጫን ነው። ጎረቤት በቅንነት ታደርገዋለች፤ ትከሻው ግን ይብስ ይቆለፋል፣ ማህፀንም ሊቀደድ ይችላል።

አሁን ትራሱን አውጡና በጀርባዋ አስተኟት። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቁሙ። እግሮቿን አጥፋችሁ ጭኖቿን ወደ ሆዷ በደንብ ግፉ። ዳሌዋ ዘንበል ሲል መንገዱ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ይበቃል።

እምቢ ካለ ሦስተኛ ሰው፣ አዋላጇ ባሳየችው በኩል፣ ከብልቷ አጥንት ልክ በላይ በመዳፉ ይጫን። ሆዷ ላይ አይደለም፣ እዚያ ታች! ያኔ ትከሻው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ካልሆነ አዋላጇ እጇን አስገብታ ትከሻውን ታዞራለች፣ ወይም የኋለኛውን ክንድ ታወጣለች። ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ባለሙያ ከሌለ ግን እናቲቱን በእጇና በጉልበቷ አንበርክኳት፤ በዚህ አቀማመጥ ራሱ የሚወጣ አለ።

ሲወለድ እልል ከማለታችሁ በፊት መተንፈሱን እዩ፣ ሁለቱንም እጆቹን ያንቀሳቅስ እንደሆነ ተመልከቱ። ገንፎውም ትንሽ ይቆይ፣ ዓይናችሁ የእናቲቱ ደም ላይ ይሁን። እናትና ልጅ ደህና ቢመስሉም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። የሆነውንም ካርዷ ላይ አስጽፉላት፤ በሚቀጥለው እርግዝና የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።