ተቋራጩ ሥራውን ሲያጓትት፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

የመንግሥት ውል ለሚከታተል ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ውል ተፈርሟል፣ ቅድመ ክፍያ ወጥቷል፣ ሥራው ግን ፈቀቅ አላለም። ያኔ ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ "ውሉ ይቋረጥ!" ብለን እንነሳለን። በሁለቱም የሚጎዳው ትምህርት ቤቱን ወይም ውሃውን የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።

ምልክት፦ ሪፖርቱ ይሞቃል፣ ሳይቱ ቀዝቅዟል

አንድ ጊዜ ሳልናገር ሳይት ሄድኩ። ሪፖርቱ 60 ሰው እየሠራ ነው ይላል። ያገኘሁት ጥበቃውንና አራት የቀን ሠራተኞችን ነው። ሚክሰሩ ውስጥ እጄን ሰደድኩ፤ ሲሚንቶው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከቆመ ሰንብቷል ማለት ነው።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ነው። ቅድመ ክፍያው ሌላ ሳይት ገብቷል፣ ወይም ሰውዬው ከአቅሙ በላይ ሥራ ይዟል። ግን ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን ጠረጴዛ እንይ። የጸደቀ ክፍያ ፋይናንስ ክፍል ተኝቶ ይሆን? ቦታውን ከይገባኛል ነፃ አድርገን አስረክበናል? እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም በግንባታ ውል ሞዴሉ፣ አሠሪው መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄው በደረሰው በ56 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ካልከፈለ ተቋራጩ የ21 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ሥራ ማቆም ይችላል። እኛ ሳንከፍል የምንጽፈው ማስጠንቀቂያ ነገ ክርክር ላይ በእኛው ላይ ይነበባል።

የእኛ እጅ ንጹሕ ከሆነ ደብዳቤ ይጻፍ። "ሥራውን በአስቸኳይ እንድታፋጥኑ እናሳስባለን" የሚለው ግን ምንም አይፈይድም። እንደዚህ ዓይነት ሰባት ደብዳቤ የተከመረበት ፋይል አይቻለሁ፤ አንዱም ቀነ ገደብ አልነበረውም። ጥሩ ደብዳቤ የተጣሰውን አንቀጽ ይጠራል፣ የጎደለውን ሥራ በቁጥር ያስቀምጣል፣ እስከ መቼ እንዲስተካከል ይናገራል፣ ካልሆነ የሚከተለውን ይገልጻል። በፊዲክ ይህ አንቀጽ 15.1 ነው። የደረሰበት ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ከሌለው ግን እንዳልተጻፈ ቁጠሩት።

ምልክት፦ የሥራ መርሐ ግብሩ በየወሩ ይከለሳል፣ የማለቂያው ቀን ግን ንቅንቅ አይልም

የዘገየው ሥራ ሁሉ መጨረሻ ወራት ላይ ተጠቅጥቋል ማለት ነው። ተቋራጩ መዘግየቱን እየደበቀ ነው። ሂሳብ አስሠሩት። ባለፈው ወር በቀን 8 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት የሞላ ሰው በሚቀጥለው ወር 20 እሞላለሁ ካለ፣ በየትኛው ማሽን? በስንት ሰው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በየሳምንቱም ሳይት ላይ ቆጥራችሁ አመሳክሩት።

ምልክት፦ የመዘግየት ካሳ ስትቆርጡ ተቋራጩ ይሞግታል

መነሻው ብዙውን ጊዜ ሳይመለስ የቆየ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ እሱን ወስኑ። የሚገባውን ቀን ስጡትና ካሳውን ከዚያ በኋላ ባለው መዘግየት ላይ አስሉ።

ምልክት፦ ስልክ አይነሳም፣ ማሽኖቹ በሌሊት ወጥተዋል

ይህ ሥራ ጥሎ መሄድ ነው። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ካዝናውን ክፈቱና የቅድመ ክፍያና የውል ማስከበሪያ የባንክ ዋስትናዎቹ መቼ እንደሚያልቁ እዩ። ቀኑ ካለፈ ባንኩ ሊከፍል አይገደድም። የቀረው ጊዜ አጭር ከሆነ ወዲያው እንዲራዘም ጠይቁ፤ ተቋራጩ ካላስራዘመ ውሉ በሚፈቅደው መሠረት ገንዘቡን ጠይቁ።

ከዚያ ማቋረጥ ይቻላል፤ በዚያው ፊዲክ የ14 ቀን ማስታወቂያ ይበቃል። አዲስ ተቋራጭ ከመግባቱ በፊት ግን የተሠራውን ለኩ። እያንዳንዱን ምሰሶ ፎቶ አንሱ፣ የቀረውን ብረትና ሲሚንቶ ቁጠሩ። ተቋራጩን በጽሑፍ ጥሩት፤ ካልመጣ በምስክሮች ፊት ለክታችሁ አስፈርሙ። የቀድሞው ተቋራጭ ሒሳብ የሚዘጋው በዚህ ልኬት ነው። አዲሱ ግንባታ ከተደረበበት በኋላ የማን ሥራ የት እንዳበቃ መለየት አይቻልም።